እጅ ማውጣት ይቅር?

ከእኔ ቀኝ እጅ የበለጠ ቀልቃላ እጅ አለኝ የሚል ሰው ካለ ወደ ንፋስ መውጫ ይምጣና እንወዳደር። ግራዬ ጨዋ ናት፤ ሰነፍ ናት ብትሉኝም አልከራከርም። ቀኜ ግን ትንሽ ነገር ባየች ቁጥር ወደ ላይ ትመዘዛለች። ተማሪ ሳለሁ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ትወጣ ነበር። መልሱን አውቄ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው እንዳይቀድመኝ ብላ ነው። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ እጄን ሳፍታታ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጋሳይ ላይ አውርዶኝ በእግሬ ስንት መንገድ ተጉዣለሁ። እሱን ተዉት፤ ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ይህችን እጅ ይዤ ነው የሥነ ዜጋ መምህር የሆንሁት። በየዓመቱ የምርጫው ምዕራፍ ሲደርስ «አገሮች የምርጫ ሥርዓታቸውን ለመለወጥ ሲፈልጉ ሕዝባቸውን በሕዝበ ውሳኔ ይጠይቃሉ» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ አጠፋለሁ፣ ደወል ይደወላል። ሕዝበ ውሳኔ የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። አሁን አይቻለሁ። ጠላቴም አይየው።

የምኖረው እትዬ ውዴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ ውዴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ፀጉሬ እየሸሸ እንኳ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። «አንተ ልጅ፣ በላህ?» «አንተ ልጅ፣ ይሄ ንፋስ ሳያወድቅህ ጋቢ ደርብ እንጂ!» እናቴ እስቴ ነው ያለችው፣ መካነ ኢየሱስ፤ እዚህ እናቴ እሳቸው ነበሩ ማለት እችላለሁ።

ባለፈው ክረምት ለጉልበታቸው ፀበል ገብተው ሱባኤ ያዙ። እሳቸው እየተጠመቁ ሳለ በሰፈራችን ሦስት ሰው ሞተ። ሞት ቀጠሮ አይጠይቅ! የእድራችን መተዳደሪያ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ቀብር የቀረ አባል ከእድሩ ይቅር።» ከእድር የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ድንኳን የሚተክልለት የለም፣ ቃሬዛውን የሚሸከምለት የለም፣ መቃብሩን የሚቆፍርለት የለም። ለእትዬ ውዴ ዓይነቱ፣ ልጅ በአጠገቧ ለሌለ ሴት፣ ከእድር መውጣት ማለት ሳይሞቱ ሜዳ ላይ መቅረት ነው።

የእድራችን ዳኛ አያ ፈረደ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕግ ወዳድ ናቸው። ከክፉ ሰው ይልቅ ደግሞ የሚያስቸግረው ሕግ ወዳዱ ነው፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል። አያ ፈረደ ድምፅ ሲያሰጡ እጅ አይቆጥሩም፤ እጅ የሚቆጥረው ጸሐፊው ነው። እሳቸው ፊት ነው የሚያዩት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ይቃኛሉ። ለእሳቸው ሐሳብ እጁን ያላወጣ ሰው በሚቀጥለው ሐዘኑ የትኛው ድንኳን እንደሚደርሰው ይታወቃል። ያ ተቀዳዶ ኮከብ የሚያስቆጥረው ነዋ!

እናም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰብን። እትዬ ውዴም ዱላቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ፈረደ ሕጉን አነበቡና «በመጀመሪያ አይቅሩ የምትሉ» አሉ። ከጀርባቸው የተቀመጡት፣ ፊታቸው የማይታየው ማለቴ ነው፣ እጃቸውን አወጡ። አሥራ ሰባት።

ጸሐፊው ወደ መርጌታ ዞሮ «እርስዎስ?» አላቸው።

«እኔ እንደ ወትሮዬ ተአቅቦ ነኝ» አሉ መርጌታ።

መርጌታ እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ወርደው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። በእድሩ ስብሰባ ሁሉ ድምፃቸው ተአቅቦ ነው። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። «በግእዝ ዐቀበ ማለት ጠበቀ ነው፤ ተአቅቦ ያለ ጠባቂ ነው። እኔ ሴትዮዋን ልጠብቃቸው ነው እንጂ ልተዋቸው መሰለህ?» አሉኝ። የአንድ ሊቅ ድምፅ በሰዋስው አለቀች፣ በሏ!

«ይቅሩ የምትሉ» አሉ አያ ፈረደ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። ጸሐፊው ይቆጥር ጀመር። በዚህ መካከል «ለመሆኑ ፀበል በቂ ምክንያት አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ እጄ ምን እንደምታደርግ ነግሬያችኋለሁ።

«…አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ መምህር አሥራ ስምንት!»

«ኧረ እኔ…» ልል አፌን ስከፍት አያ ፈረደ «ይኼ ነው የተማረ ሰው! ቤታቸው እየኖረ እንኳ በሕግ አላዳላም!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ሰውም አጨበጨበ። እስቲ ፍረዱኝ፣ እየተጨበጨበለት «ተሳስታችኋል» የሚል ሰው የት ታውቃላችሁ? ጭብጨባው እስኪያልቅ እጄ እንደተሰቀለች ቆየች፤ ሲያልቅ ስብሰባውም አብሮ አለቀ። እትዬ ውዴ በአንድ ድምፅ ብልጫ ከእድሩ ቀሩ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ያውም ያልሰጠሁት!

በማግስቱ ጠዋት ደጃፌ ላይ አገኘኋቸው።

«እንደምን አደሩ፣ መምህር?» አሉኝ።

አደሩ! ወገኖቼ፣ ስድብ አውቃለሁ፣ እርግማንም ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ «እርስዎ» የመታኝ ነገር የለም። አንድም ቃል ክፉ አልተናገሩኝም። ወደ መዳፌ አየት አደረጉና «መምህር፣ መቆፈር ይችላሉ?» አሉኝ።

«ምን… ምን ልቆፍር እትዬ?»

«የለም፣ እንዲያው ነው። እድር የሌለው ሰው ከወዲሁ ቢያስብ ይሻላል ብዬ ነው። እጅዎ የጠመኔ እጅ ነው፤ የእኛ አገር መሬት ደግሞ ድንጋይ ይበዛዋል» ብለው ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ከክፍል ስመለስ በሬ ላይ ዶማ ተደግፎ ቆሞ አገኘሁ። እጀታው አዲስ ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝ፣ እህል የለኝ። ሰሌዳ ላይ «ዴሞክራሲ» ልጽፍ «ዶማክራሲ» ጽፌ ተማሪ ሳቀብኝ። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ፤ ወንበሬ ላይ ሽቦ የወጣ ነበር የሚመስለው። ሄጄ «እጄን ያወጣሁት እኮ ልጠይቅ ነው» እላቸው ይሆን? ስንቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ዶሮ እንደሚፈልግ ሰው «ኩት ኩት» ብዬ ተመለስሁ።

በመጨረሻ እንደ ተማረ ሰው አሰብሁ። የተማረ ሰው ሲያጠፋ «አጠፋሁ» አይልም፤ «የሥርዓቱ ችግር ነው» ይላል። እኔም ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው አልሁ። እጅ እያወጡ መምረጥ! ጥያቄና ድምፅ የማይለይበት ሥርዓት! በወረቀት፣ በምስጢር ቢሆን እትዬ ውዴ ይወጡ ነበር? በፍጹም! ስለዚህ ሥርዓቱ ይለወጥና የእሳቸው ነገር እንደገና በምስጢር ይታይ። ይህን ባሰብሁ ቀን ሁለት እንጀራ በላሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ሐሳቤን አቀረብሁ። አያ ፈረደ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «መልካም። እጅ ማውጣት ይቅር የሚል እጁን ያውጣ» አሉ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ደረሰ።

አንድም እጅ አልተነሣም። አንድ ሰው አገጩን ሊያክክ እጁን ብድግ አድርጎ ሳያክክ መለሰ። እኔስ ብትሉኝ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ በስብሰባ ላይ ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ አስሬ ነው የምቀመጠው። ለገዛ ሐሳቤ እጄን ሳላወጣ ቀረሁ። ጸሐፊው «ደጋፊ የለም፣ አቅራቢውም ጭምር» ብሎ ጻፈ።

ያኔ ነው «ሕዝበ ውሳኔ!» ብዬ የጮህሁት።

«ሕዝብ… ወሰነ…» አሉ መርጌታ፣ ቃሉን አጣጥመው። «ደኅና ቃል ነው፤ ግእዝ ግእዝ ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» አሉ አያ ፈረደ።

አስረዳሁ። አገር ሁሉ የሚጠየቅበት፣ ለየብቻ፣ በወረቀት፣ ማን ምን እንዳለ የማይታወቅበት። አያ ፈረደ ጺማቸውን አሻሹና «አድርገው» አሉኝ። «ቤት ለቤት ዙር፣ ንገር፣ አስመርጥ። ሕዝቡ ይቅር ካለ የእትዬ ውዴ ጉዳይ እንደገና በወረቀት ይታያል። ካላለ ግን ሥርዓት ልታፈርስ ነበርና ከእድሩ አንተም ትቀራለህ።» እንግዲህ ዶማው ለሁለት ሰው ሊሆን ነው።

ቅስቀሳ ጀመርሁ። ቅስቀሳ ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ቤት ገብቶ ይሞክረው። የመጀመሪያው ሰውዬ ሁሉን ከሰሙኝ በኋላ «ጥሩ ነው፤ ግን በምስጢር ከሆነ አያ ፈረደን እንደደገፍኋቸው በምን ያውቁልኛል?» አሉኝ። ሁለተኛው ቤት ባልየው «እስማማለሁ» ከማለቱ ሚስቲቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምስጢር? ከማን? ከእኔ ተደብቆ የሚመርጥ ባል ነገ ምን ሊደብቅ ነው?» ባልየው እኔን ማየት አቆመ። «አንተ መምህር፣ ልጆቻችንን አስተምር እንጂ ባሎቻችንን አታስተምር!» ብላ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ሦስተኛው ቤት ውሻ ነበር፤ እሱ ሐሳቡን በግልጽ ነው የነገረኝ።

መርጌታን ግን ፈርቻቸው ነበር፤ ድምፅ በወረቀት ይሰጣል ስላቸው ይደነግጣሉ ብዬ። «እኛ የዜማ ምልክት ስንጽፍ አይደለም እንዴ ያረጀነው? ድምፅ ወረቀት ላይ እንደሚሰፍር ለእኔ ልትነግረኝ ነው?» ብለው ገሠጹኝ። በጉባኤው ሁሉ ያገኘሁት አንድ እውነተኛ ደጋፊ እሳቸው ናቸው፤ «ብቻ ተአቅቦ የምትባለዋን ሣጥን እንዳትረሳ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ «ለዛሬ እንኳ ይተዉልኝ» ብዬ አስማልኋቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ጥያቄዬ ያማረ ነበር፤ «በእድራችን እጅ እያወጡ የመምረጥ ልማድ ቀርቶ ምርጫ በምስጢር ወረቀት እንዲካሄድ ትፈልጋላችሁን?» ይላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስሄድ መብራት የለም። ነገ ይመጣል አሉኝ፣ ነገም የለም። በእጄ ልጽፈው ተቀመጥሁ። አሥሩን ሙሉውን ጻፍሁ። ከዚያ ጣቴ ሲዝል «እጅ እያወጡ መምረጥ ይቅር?» አልሁት። ከሃያ በኋላ «እጅ ማውጣት ይቅር?» የመጨረሻዎቹ ላይ ስደርስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ይቅር?» ብቻ ብዬ አለፍሁ። ሐሳቡ ያው ነው አልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ነበርሁ።

ግማሹ ሰው ስለማያነብ ጡሩምባ ነፊያችን ጥጋቡ እንዲለፍፍ ተስማማን። ልብ በሉ፣ በእኛ አገር ጡሩምባ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሐሙስ ጠዋት ጥጋቡ ሁለቴ እንደነፋ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ወይኔ! ማን ነው?» እያሉ ብቅ ብቅ አሉ።

«ማንም አልሞተም! ሕዝበ ውሳኔ ነው!» አለ ጥጋቡ።

«ሕዝቤ ውሳኔ? ኧረ ልጄን! ያ ከስማዳ የመጣው ሕዝቤ ነው?» ብለው አንዲት አሮጊት ደረታቸውን መቱ። አልቅሰው ሳይጨርሱ አባብለን መለስናቸው። ጥጋቡ በዚህ ተናደደና የሰጠሁትን ጽሑፍ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ የጮኸው ይህን ብቻ ነው፤ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ! ይቅር የምትሉ ራይት! አይቅር የምትሉ ኤክስ!»

ምን ይቅር እንደሚባል አልነገረም። እኔም አልጠየቅሁት፤ ወሬው ጥሩ ነበርና። በየመንገዱ የማገኘው ሰው ሁሉ «ይቅር እንጂ! ይቅር!» ይለኛል። አንዷ ጎረቤት «እግዜር ይስጥህ፣ ደግ ነገር ነው ያሰብህ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። አንድ ሽማግሌ «አባቶቻችን ያቆዩት ነው፤ ይቅር!» ሲሉኝ ግን ቆም አልሁ። አባቶቻችን ያቆዩት ከሆነ ለምን ይቅር ይላሉ? ቢሆንም ድምፅ ድምፅ ነው ብዬ ቆጠርኋቸው።

እሑድ ደረሰ። የድምፅ ሣጥናችን ባለአምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጄሪካን ነው፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ማንም እጁን ሰዶ አይሰርቅም ብዬ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ከደጀ ሰላሙ ግንብ ጀርባ እየገባ ምልክቱን አድርጎ ከተተ። እትዬ ውዴ አባል ስላልሆኑ ቤት ቀሩ። ጠዋት ስወጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የምንሄድበትን ያውቃሉ፣ አልጠየቁኝም። «ይቅናዎ» ብቻ አሉኝ።

ምርጫው አለቀና እንቁጠር ሲባል እጅ የማያስገባው ጄሪካን ወረቀትም እንደማያስወጣ ታወቀ። ገልብጠን ነቀነቅነው፣ በእንጨት ቆሰቆስነው። አያ ፈረደ «ምስጢርህ በጣም ምስጢር ሆነ እኮ!» አሉኝ። በመጨረሻ አንዱ ማጭድ አምጥቶ ሆዱን ቀደደው። ያን ጊዜ ንፋስ መጣ። አገሩ ስሙን በከንቱ አላገኘውም! ወረቀቱ ሁሉ ተነሥቶ ባሕር ዛፉ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ የሰው ገብስ ውስጥ ተበተነ። የእድሩ አባል በሙሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ የሕዝብን ድምፅ ያሯሩጥ ጀመር። አያ ፈረደ ራሳቸው ገብስ ውስጥ ገብተው «ይዣታለሁ! ይዣታለሁ!» ይላሉ። አንዷን ድምፅ አህያ ቀድማ በላቻት። ጸሐፊው «ይህችን ምን ብዬ ልመዝግብ?» ቢል፣ መርጌታ «በሆዷ ተጠብቃለችና ተአቅቦ በላት» አሉት።

የተያዘውን ሰብስበን ቆጠርን። ራይት። ራይት። ራይት። እስከ መጨረሻው ራይት! አንድም ኤክስ የለም!

ዘለልሁ። አያ ፈረደም ዘለሉ። እኔ ስዘል እሳቸው ለምን እንደሚዘሉ አልገባኝም።

«አንተ ጥጋቡ! ሂድ ንፋ! ይቅር ተባለ በል! ከዳር እስከ ዳር ይሰማ!» አሉ አያ ፈረደ። ጥጋቡ ጡሩምባውን ይዞ ወደ መንደር በረረ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኋቸው፣ በትልቅ ልብነታቸው ተገርሜ።

«ለአንተ ነው እንጂ የማዝን!» አሉ። «አየህ? ሕዝቡ አንድ ሳይቀር እጅ ማውጣት ባለበት ይቅር አለ!»

«ኧረ አያ ፈረደ! ይቅር ማለት ይጥፋ ማለት ነው! ልማዱ ቀረ ሲባል አልሰሙም?»

«ልጄ ጎንደር ቀረ ስል ልጄ ጠፋ ማለቴ ነው? እዚያው ነው ማለቴ ነው እንጂ!»

«ምንድን ነው የምትሉት?» አለች ጉንጬን የሳመችኝ ጎረቤት። «እኛ ይቅር ያልነው እትዬ ውዴን ነው! ይቅርታ አይደለም እንዴ የተጠየቅነው?»

ጉድ ፈላ። አንዱ ይጥፋ ብያለሁ ይላል፣ ሌላው ይኑር ብያለሁ ይላል፣ ሴቶቹ ይቅርታ ነው ያደረግነው ይላሉ። ሁሉም ወረቀቱን እያሳየ «ይኸው ራይት!» ይላል፤ የማን ወረቀት የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም፣ በምስጢር ነዋ። እኔ ከዚህ ወደዚያ እሮጣለሁ፣ አንዱን ሳስረዳ ሌላው ይነሣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ድንገት «የትኛው ይቅር እንደሆነ ድምፅ ይሰጥበት!» የሚል ሰው ተነሣ፤ «በእጅ ወይስ በወረቀት?» ሲባል እንደገና ተጋጨን።

መርጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ዝም በሉ! ‹ቀረ› ሦስት መንገድ አለው…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ቃላቸውን አቋርጠው ወደ መንገዱ አዩ። ሁላችንም ዞርን።

እትዬ ውዴ እየመጡ ነው። በዱላቸው፣ በዚያ ጉልበት፣ ዳገቱን። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። ጥጋቡ ከኋላቸው ጡሩምባውን አንጠልጥሎ ያለከልካል። ደረሱና በመካከላችን ቆሙ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ይቅር አላችሁኝ አሉ» አሉ። «በጡሩምባ ሰማሁ። እኔ እኮ ጡሩምባ ሲነፋ እንደ ድሮው ተነሥቼ ማን ሞተ ልል ነበር፤ ለካ እኔ ነኝ የተነሣሁ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሦስቱንም ቀብር የቀረሁት ንቄ አይደለም። እግሬ እንቢ ብሎኝ ነው። ከቀብር የቀረሁባችሁን እናንተ ይቅር ካላችሁ፣ እኔም በልቤ የያዝሁባችሁን ይቅር ብያለሁ።» ይህን ብለው ወደ አያ ፈረደ ዞሩና ጉልበታቸው እየታመመ ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ።

አያ ፈረደ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሊገፉ ጀምረው ተዉት። የመረጥነው ስለ ምርጫ ሥርዓት ነው ሊሏቸው ነው? ይህ ከማንም አፍ አይወጣም።

«ኧረ ተይ እትዬ! ተነሺ፣ ተነሺ በማርያም!» ብለው በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሧቸው። ፊታቸው ቀልቷል። «ይቅር ለእግዜር» አሉ።

«ይቅር ለእግዜር!» አለ ሕዝቡ፣ በአንድ ድምፅ። መቁጠር አላስፈለገውም። እኔም ጮህሁ፤ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስማቸውን ከተሰረዘበት መስመር ላይ እንደገና ጻፈ። መርጌታ ሲባርኩ፣ «አያ ፈረደ፣ ሥርዓቱስ?» ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኋቸው።

«ሥርዓቱማ ይቅር!» ብለው ሳቁ። የትኛውን ይቅር እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬም ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

«አንተ ልጅ፣ ምን ትገተራለህ? ና ክንዴን ያዝ» አሉኝ እትዬ ውዴ። ልቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቁልቁለቱን ቀስ እያልን ወረድን። ንፋሱ ጋብ ብሏል፤ አሁን ካልነገርኋቸው መቼም አልነግራቸውም ብዬ አሰብሁ።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኮ እጄን ያወጣሁት እንዲወጡ ብዬ አልነበረም። ጥያቄ ልጠይቅ ነበር። ፀበል በቂ ምክንያት አይደለም ወይ ልል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ቆምሁ። «ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅ? ስትጠይቅና ስትፈራ እጅህ አንድ ዓይነት አይወጣም። ከፊት ለፊትህ አይደል የተቀመጥሁት?»

«ታዲያ ካወቁ… ዶማውን… ‹እርስዎ› ማለቱን…»

እትዬ ውዴ ዱላቸውን ተደግፈው ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። ቁጣ በፊታቸው ላይ አልነበረም፤ እንዲያው የከረመ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ያዩኝ።

«ልትጠይቅ ማውጣትህንስ እሺ» አሉኝ። «‹አሥራ ስምንት› ብሎ ሲቆጥርህ ግን ለምን አላወረድኻትም?»

ክንዳቸውን እንደያዝሁ ቤት ደረስን።